ሲፒዩው ለምን ይገምታል፣ ኪቦርዱስ ለምን ይታመናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች። በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፣ «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ» የሚሉትን ለሚቀጥለው እትም አቆይቻቸው ዛሬ ስድስት ብቻ ይዣለሁ። አንዱ ስለ ፕሮሰሰር (ሲፒዩ የምንለው የኮምፒውተሩ አእምሮ)፣ አንዱ ስለ ማውስ፣ ሌላው ስለ ፍላሽ ቢጠይቅም ሳነባቸው ሁሉም ውስጥ ያው አንድ ነገር ነው ያገኘሁት፦ ኮምፒውተራችን ማንን ነው የሚያምነው? ሰዉ አደጋ ሲባል ቫይረስ ብቻ ነው የሚመጣበት፣ አንቲቫይረስ ከጫነ ጨረሰ፣ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ግን ማንም ገልብጦ አያየውም፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ «ሰላም አዘጋጅ፣ ባህር ዳር የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ኮር አይ ፋይቭ ሰባተኛ ጀነሬሽን ነው። ጓደኛዬ ‹የዚህ ሲፒዩ ቀዳዳ አለበት፣ ስፔክተርና ሜልትዳውን ይባላል፣ መከላከያው ደግሞ ማሽኑን ስለሚያዘገየው አጥፋውና ይፍጠንልህ› አለኝ። ሲፒዩ ላይ ቀዳዳ ማለት ምን ማለት ነው? ላጥፋው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ወንድሜ ቀድሜ መልሱን ልንገርህ፣ እንዳታጠፋው። አሁን ምክንያቱን እንይ፣ ረዘም ይላል ግን ለሙያህ የሚጠቅምህ ነገር ነው።

በ1971 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ኢንቴል ያወጣው 4004 የሚባል ማይክሮፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተር፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነበረው። ያሰራው ቢዚኮም የሚባል የጃፓን ካልኩሌተር አምራች ነው። ትእዛዝ በተራ ይቀበላል፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም፣ በቃ። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም 1 ላይ ደግሞ 16 ቢሊዮን ትራንዚስተር አለ። ይሄ ሁሉ ቢሊዮን ምን ይሰራል ካልከኝ፣ ቀላል የማይባለው ክፍል ሲፒዩው ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ የሚለፋ ነው። አስበው፣ 3 ጊጋኸርዝ የሆነ ሲፒዩ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፣ ራም ግን የተጠየቀውን ዳታ ለማምጣት 100 ናኖሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ አንድ ነገር ከራም በጠየቀ ቁጥር ሲፒዩው ወደ 300 ምት ያህል እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው። ይሄን ብክነት ለማስቀረት ሰዎች ከድሮ ጀምሮ ሲጨነቁ ኖረዋል። አይቢኤም ውስጥ ይሰራ የነበረው ሮበርት ቶማሱሎ በ1967 ያሳተመው ዘዴ ለምሳሌ፣ ሲስተም 360 ሞዴል 91 የሚባል ኮምፒውተር ላይ የገባው፣ ትእዛዞቹን በወረፋቸው ሳይሆን የሚፈልጉት ነገር ቀድሞ የደረሰላቸውን ቀድሞ ማሰራት ነበር። ከዛ በኋላ ነገሩ አንድ እርምጃ ሄደና ሲፒዩው መገመት ጀመረ።

ግምቱን ለመረዳት ጠዋት ጠዋት የምትሄድበትን ቁርስ ቤት አስብ። አስተናጋጇ ታውቅሃለች፣ ገና በር ላይ ስታይህ ወደ ኩሽና ዞራ «አንድ እንቁላል ፍርፍር!» ትላለች። እንደ ልማድህ ፍርፍር ካዘዝክ ቶሎ ደረሰልህ፣ ጊዜ አተረፍክ። ዛሬ ግን ፉል አማረህ እንበል፣ ፍርፍሩ ይነሳል፣ ሂሳብህ ላይ አይገባም፣ እንዳልተሰራ ይቆጠራል፣ ፉል ይመጣልሃል። ሲፒዩም እንደዛው ነው፣ ግምቱ ከተሳሳተ የሰራውን ሁሉ ይሰርዝና ወደ ትክክለኛው መንገድ ይመለሳል፣ ፕሮግራሙም ምንም አያውቅም። ለብዙ ዓመት ሁሉም «ተሰርዟል፣ አለቀ» ብሎ ነው የኖረው።

ግን መጥበሻው ሞቋል እኮ! አንድ ሰው ሹልክ ብሎ ኩሽና ገብቶ መጥበሻዎቹን በእጁ ቢነካ ምን ሊሰራ እንደነበረ ያውቃል፣ ማንም ምንም ሳይነግረው። የሲፒዩው መጥበሻ ካሽ የሚባለው ቅርብ ሜሞሪ ነው፣ በግምት የመጣ ዳታ ቢሰረዝም ካሽ ውስጥ አሻራው ይቀራል። መንካት ማለት ደግሞ ሰዓት መለካት ነው፣ አንድን አድራሻ ስትጠይቀው ቶሎ ከመጣ ሞቆ ነበር፣ ከዘገየ ቀዝቃዛ ነበር። ስፔክተር የሚባለው ጥቃት አስተናጋጇን ደጋግሞ አለማምዶ ሆን ብሎ የተሳሳተ ግምት ያስገምታታል፣ በዛ የተሳሳተ ግምት ውስጥ ሚስጥር ያስነካትና ከዛ የመጥበሻውን ሙቀት ይለካል። ሜልትዳውን ትንሽ ይለያል፣ እሱ ላይ ችግሩ ሲፒዩው «ይሄ ፕሮግራም የከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ሜሞሪ ማየት ተፈቅዶለታል ወይ?» የሚለውን ምርመራ ሳይጨርስ ዳታውን ቀድሞ ማንሳቱ ነው። በኋላ አልተፈቀደም ብሎ ይከለክላል፣ ግን አሻራው ቀርቷል።

ይሄ ለዓለም የተነገረው ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 25 ቀን 2010፣ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው። ጎግል ውስጥ የሚሰራው ያን ሆርን የሚባል ወጣት ቀድሞ በ2017 ለአምራቾቹ አሳውቆ ነበር፣ ኦስትሪያ ግራትስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉት እነ ዳንኤል ግሩስም በራሳቸው መንገድ ደረሱበት። ግሩስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ከራሱ ፋየርፎክስ ውስጥ የገባባቸው ድረ ገጾች አድራሻ ሲዘረገፍ አይቶ እንደደነገጠ ተናግሯል። እኔ ይሄን ሳነብ ሁሌም የሚገርመኝ ኢንቴል ላይ ችግሩ የነበረው ከ1995 ጀምሮ በወጡት በአብዛኞቹ ቺፖች ላይ መሆኑ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሁሉም እጅ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወዳንተ ላፕቶፕ። ሰባተኛ ጀነሬሽን ሜልትዳውን ካለባቸው ውስጥ ነው፣ በሃርድዌር የተስተካከለው ከዛ በኋላ በወጡት ላይ ነው። ያንተን የሚጠብቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የከርነሉን ሜሞሪ ከፕሮግራሞች ለይቶ መደበቁ ነው፣ ጓደኛህ አጥፋው ያለህም እሱን ነው። ያዘገያል ወይ ካልክ አዎ ያዘገያል፣ ግን የሚጎዳው በሰከንድ ብዙ ጊዜ ወደ ከርነል የሚመላለስ ሥራ ነው፣ ለምሳሌ ዳታቤዝ ሰርቨር። ኮድ ለሚጽፍ፣ ፒዲኤፍ ለሚያነብና ብራውዘር ለሚከፍት ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ብራውዘር ካልኩ ደግሞ ይሄንን ልጨምር፣ ስፔክተር ድረ ገጽ ላይ ባለ ጃቫስክሪፕት በሚባል ኮድ ጭምር ሊሰራ እንደሚችል ስለታየ ብራውዘር የሚሰሩት ድርጅቶች ያደረጉት አንዱ ነገር ገጾች የሚያዩትን ሰዓት ሆን ብለው ማደብዘዝ ነበር፣ መጥበሻ የሚነካውን እጅ ማደንዘዝ በለው። ስለዚህ ብራውዘርህንም አፕዴት አድርግ፣ ባዮስህም (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) አዲስ ካለው ጫንለት። ማሽንህ እንዲፈጥን ከፈለክ ሀርድ ዲስኩን አውጥተህ ኤስኤስዲ አስገባለት፣ ያኔ ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ደሴ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 ልጫን ስለው ቲፒኤም የሚባል ነገር ስለሌለህ አይሆንም አለኝ። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ይሄ አዲስ ለማስገዛት ነው ወይስ ቁም ነገር አለው?»

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቲፒኤም ማለት ቁልፍ የሚያስቀምጥ ትንሽ ቺፕ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማህተም የያዘውን ሰው ያስቡ፣ ጥሩ ማህተም ያዥ ማህተሙን ለማንም አያውስም፣ «ወረቀቱን አምጡ» ይልና ራሱ መትቶ ይመልሳል። ቲፒኤምም ቁልፉን አውጥቶ አይሰጥም፣ ሥራውን ውስጡ ሠርቶ ውጤቱን ነው የሚሰጠው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳም የሚጫነው ነገር ተነካክቶ እንደሆነ ይመዘግባል። ሌባ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካው የተቆለፈው ዳታ የማይከፈተው በዚህ ነው። ስለዚህ ቁም ነገር አለው።

ግን የለም የተባለው ብዙ ጊዜ ሳይበራ ቀርቶ ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ባዮስ ውስጥ ኢንቴል ከሆነ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤፍቲፒኤም የሚል ይፈልጉ፣ የሚያውቅ ልጅ ካለ አጠገብዎ ይቀመጥ፣ ‹ክሊር ቲፒኤም› የሚለውን ብቻ እንዳትነኩ፣ ዲስክዎ የተቆለፈ ከሆነ በራሶት ላይ ይዘጋል። አብርተውትም እምቢ ካለ ሲፒዩው አርጅቷል ማለት ነው፣ ከኢንቴል በደንቡ የሚቀበለው በአመዛኙ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ደህና የሚሰራ ማሽን ለዚህ ብሎ መጣል እኔ አይዋጥልኝም፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ከሆነ የሚፈልጉት በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስጭኑበት፣ አፕዴቱ ይመጣል፣ ዕቃዎም ይቆያል።

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ አፓርትመንት ውስጥ ሆኜ የሰዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ዋየርለስ ኪቦርድና ማውስ ገዝቼ ነበር፣ ባለቤቴ ግን ጎረቤት የምትጽፊውን ሊያነብ ይችላል ብሎ አስፈራራኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም ያለው። በ2016 ባስቲል የሚባል የሴኪውሪቲ ድርጅት ሁለት ነገር ይፋ አደረገ። አንደኛው ማውስጃክ ነው፣ የብዙ አምራቾች ዋየርለስ ማውሶች ከዶንግሉ (ኮምፒውተሩ ላይ ከምትሰካው ትንሽ መቀበያ) ጋር የሚነጋገሩት ሳይመሰጠር ነበር፣ ማውስ «ወደ ግራ ሄድኩ፣ ተጫንኩ» ብትል ማን ግድ አለው ብለው ነው መሰለኝ፣ ችግሩ ግን ዶንግሉ በማውሱ መስመር የኪቦርድ ፊደል ሲላክለትም ዝም ብሎ ተቀበለ። በ15 ዶላር የሬዲዮ ዶንግል እስከ 100 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ያንቺ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው። ማውስሽ ኪቦርድ ሆነች ብለሽ አስቢው። ሁለተኛው ኪስኒፈር ነው፣ እሱ ደግሞ ርካሽ የሆኑ የስምንት አምራቾች ኪቦርዶች የምትጽፊውን ፊደል በግልጽ አየር ላይ እንደሚለቁት አሳየ፣ ፓስዎርድም የክሬዲት ካርድ ቁጥርም አብሮ።

አንቺ የሰው ሒሳብ ይዘሻል፣ ስለዚህ የኔ ምክር ቀጥተኛ ነው፣ ለሥራው ሰዓት ባለ ገመድ ኪቦርድ ተጠቀሚ፣ ከዋየርለሶቹ ሁሉ ይልቅ ርካሹም እሱ ነው። ዋየርለስ ካስፈለገሽ ብሉቱዝ የሆነውን፣ ወይም ካርቶኑ ላይ ኤኢኤስ (AES) በሚባለው የምስጠራ ዘዴ ይመሰጥራል ብሎ በግልጽ የጻፈውን ግዢ፣ አምራቹ ለዶንግሉ አፕዴት ካወጣም ጫኚለት፣ ዶንግልም አፕዴት እንደሚያስፈልገው ብዙ ሰው አያውቅም። ማውሷን ብቻ ዋየርለስ አድርጌ ልያዝ ካልሽ ደግሞ ከላይ ያልኩሽን አስታውሺ፣ በ2016 በር የከፈተችው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ «የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ አዳማ። ማውስን ማን ፈጠረው? ሀብታም ሆነበት?»

መልስ፦ ጎበዝ! የፈጠረው ዳግላስ ኤንግልባርት ነው፣ ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት ውስጥ። በ1964 የመጀመሪያዋን በእጁ የሠራለት ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። ብታያት ትገርምሃለች፣ ከእንጨት የተጠረበች፣ በመዳፍ የምትያዝ ሳጥን ናት፣ ላይዋ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ፣ ከሥሯ ሁለት የብረት ጎማ ተሻግረው የተገጠሙ፣ አንዱ የጎን እንቅስቃሴዋን ሌላው የፊትና ኋላውን ይቆጥራል። ገመዷ ጭራ ስለሚመስል አይጥ አሏት፣ ስሙም በዛው ቀረ። ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለ90 ደቂቃ ለሕዝብ ሲያሳይ ማውስ ብቻ አይደለም ያሳየው፣ የሚጫን ሊንክ፣ ሁለት ሰው ከተለያየ ቦታ ሆኖ አብሮ የሚሠራበት ጽሑፍ፣ በቪዲዮ መነጋገር፣ ዛሬ እኛ በየቀኑ የምናደርገውን ሁሉ።

ሀብታም ግን አልሆነበትም። ፓተንቱ በ1970 ወጣ፣ ቁጥሩ 3,541,541 ነው፣ ባለቤቱ ግን መሥሪያ ቤቱ ነበር፣ ለአፕልም በ40,000 ዶላር አካባቢ ፈቃድ እንደሰጡበት እሱ ራሱ ተናግሯል። በ1987 የፓተንቱ ዘመን አለቀ፣ ማውስ በየቤቱ የገባው ከዛ ወዲህ ነው፣ ለሱ ሮያሊቲ የሚባል አልደረሰውም፣ በ2013 አረፈ። ይሄ ነገር ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

አሁን እጅህ ላይ ያለችው ማውስ ጎማም ኳስም የላትም፣ ከሥሯ ትንሽዬ ካሜራ አለች፣ በሰከንድ ከሺህ በላይ ጊዜ የጠረጴዛውን ፎቶ ታነሳና ፎቶዎቹን እያስተያየች ወዴት እንደሄደች ታውቃለች። መስታወት ላይ የምትደናገረው የምታስተያየው ነገር ስለምታጣ ነው፣ ደብተርህን ከሥሯ አድርግላትና ሞክር።

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ሰው ፍላሽ ነው የምሰካው። ፍላሽ ራሱን ኪቦርድ ማስመሰል ይችላል ሲሉ ሰማሁ፣ እንዴት ነው ፍላሽ ኪቦርድ የሚሆነው? አንቲቫይረስ አለኝ፣ አይበቃም?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካንተ ሥራ የበለጠ ይሄ ጥያቄ የሚያስፈልገው ሥራ የለም፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

አንቲቫይረስህ የሚያየው ፍላሹ ውስጥ ያለውን ፋይል ነው፣ አቋራጭ ፎልደር የሚሠራውን ቫይረስ ምናምን። ፍላሹ ግን ከፋይሉ ሌላ ራሱን የሚያስተዳድር ትንሽ ኮምፒውተር አለው፣ የራሱ ፕሮግራምም አለው። ስትሰካው ማሽንህ «ምንድነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ እሱም «ፍላሽ ነኝ» ይላል። ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የሚባሉ ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች በ2014 ላስ ቬጋስ ላይ ያሳዩት ይሄን ነው፣ የአንዳንድ ፍላሾችን የውስጥ ፕሮግራም ቀየሩና «ኪቦርድ ነኝ» እንዲል አደረጉት። ባድዩኤስቢ ብለው ሰየሙት። ኮምፒውተሩ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ኪቦርድ ነኝ ካለው ኪቦርድ ነው፣ ከዛ ያ «ኪቦርድ» ከማንም ጸሐፊ በላይ በሆነ ፍጥነት ትእዛዝ ይጽፋል፣ አንተ ገና ወንበርህን ሳትጠጋ ጨርሷል።

ለምን አይጠይቅም ትለኝ ይሆናል። እስቲ አስበው፣ አዲስ ኪቦርድ ስትሰካ ኮምፒውተሩ «ልመነው?» የሚል ቢያወጣ፣ ኪቦርድህ ተበላሽቶ አዲስ የገዛህ ሰው ከሆንክ «እሺ» የምትለው በምንድነው? ኪቦርድ እጃችን የሚገባበት በር ስለሆነ ነው ሳይጠየቅ የሚታመነው። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት አለ፣ በ2016 የወጣ፣ ግቢው ውስጥ 297 ፍላሽ በየቦታው ጣሉ፣ 45 በመቶው ላይ ያገኘው ሰው ሰክቶ ፋይል ከፈተ፣ የመጀመሪያው የተከፈተው ደግሞ ስድስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው። እነሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ አንተ ደግሞ ሥራህ ራሱ መሰካት ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት እንዳንተ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የባለቤቱ የኢሜይል ፓስዎርድ ደጋግሞ እየተወሰደበት ጠራኝ። ፎርማት አደረግኩለት፣ ሌላ አንቲቫይረስ ጫንኩ፣ ከሳምንት በኋላ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሶፍትዌሩን ተውኩትና ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ በስልኬ መብራት የሲስተም ዩኒቱን ጀርባ አየሁ። ገመዱ ሁሉ አቧራ ለብሷል፣ የአታሚው፣ የሞኒተሩ፣ የኪቦርዱም። የኪቦርዱ ገመድ ጫፍ ላይ ግን የአውራ ጣት አንጓ የምታክል ጥቁር ነገር አለች፣ እሷ ላይ ብቻ አቧራ የለም። ነቀልኳት፣ ባንድ በኩል ወንድ ሶኬት በሌላው በኩል ሴት፣ በኪቦርዱና በማሽኑ መሃል ገብታ የተጻፈውን ሁሉ የምትመዘግብ ኪሎገር ናት። የደንበኞች ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የሱም ፓስዎርድ፣ ሁሉም በሷ ውስጥ ነበር ያለፈው። እኔ ሁለት ጊዜ ፎርማት ሳደርግ እሷ እዛው ነበረች፣ አንቲቫይረስ ሊያያት አይችልም፣ ሶፍትዌር አይደለችማ።

ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። በ1984 አሜሪካኖች ሞስኮ ያለው ኤምባሲያቸው ውስጥና ሌኒንግራድ ያለው ቆንስላቸው ውስጥ የነበሩ 16 የአይቢኤም ሰሌክትሪክ ታይፕራይተሮች ውስጥ የሶቪየት የስለላ መሣሪያ ተቀብሮ አገኙ። ዕቃውን ሁሉ በቶን የሚቆጠር ጭነው ወደ ሀገራቸው ወስደው በኤክስሬይ ሲያዩት ነው የታየው፣ ማሽኑ ውስጥ ያለ አንድ የብረት ዘንግ ውስጥ የተደበቀ፣ የሚመታውን ፊደል ከክፍሎቹ እንቅስቃሴ በማግኔት እያወቀ በሬዲዮ የሚልክ። ከ1976 ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅ ሠርቷል። የዓለም ኃያል መንግሥት ስምንት ዓመት ያላየውን እኛ ጠረጴዛ ሥር ሳናጎነብስ እንዴት እናየዋለን?

ላንተ የምልህ ይሄን ነው። ለደንበኛ ፍላሽ አንድ ማሽን ለይ፣ ባንክህንም ኢሜይልህንም ቴሌግራምህንም እሱ ላይ አትክፈት፣ በአድሚን አካውንትም አትሥራበት። አብዛኛው ደንበኛ ስልኩ ላይ ቴሌግራም አለው፣ ለሥራ ብቻ በከፈትከው አካውንት ፋይሉን ላክልኝ በለው፣ እሱም ፍላሹን ረስቶ አይሄድም። ፍላሽ ስትሰካ ድንገት ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ከጠፋ ወይም ፊደል በራሱ ሲጻፍ ካየህ ወዲያው ንቀለው፣ ኔትወርኩንም አቋርጥ። ጠዋት ጠዋት ስትከፍት ደግሞ የኪቦርዱን ገመድ ከጣትህ ጀምረህ እስከ ማሽኑ ጀርባ ድረስ ተከትለህ እይ፣ ግማሽ ደቂቃ ቢወስድብህ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ካለህ ለሱም አሳየው።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ነኝ። ለእናቴ ስልክ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አፕ ስጭንላት ‹ይህ የምትጽፉትን ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ጭምር ሊሰበስብ ይችላል› የሚል መጣና ደንግጬ ተውኩት። እሷ ደግሞ አማርኛ ካልሆነ አትጽፍም። ምን ላድርግ? ለምንስ ነው ለአማርኛ እንደ እንግሊዝኛው ኪቦርድ ያልተሠራለት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከኋላው ልጀምርልሽ። የእንግሊዝኛው 26 ፊደል ነው፣ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል፣ አለቀ። የኛ 33 ፊደል በ7 ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን እነ ሏን እነ ሟን ሳንጨምር። ይሄን ሁሉ ቁልፍ ላይ መደርደር አይቻልም። የአማርኛ ታይፕራይተር ሲነሳ ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው፣ በታይፕራይተሮቹ ላይ ፊደሉና ቅጥያው ለየብቻ እየተመታ ነበር የሚጣመረው፣ በዛ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ቤታችሁ ካለ አውጥተሽ እይው፣ የካዕቡና የሣልሱ ቅጥያ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ታገኚዋለሽ። ኮምፒውተር ሲመጣ እነ ዶክተር አበራ ሞላ፣ እነ ፍስሐ አጥላው አሜሪካ ሆነው ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ብዙ ደከሙ። ያኔ ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የራሱ ቁጥር ነበረው፣ ባንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ የዛን ጊዜ ሰው ያስታውሰዋል፣ ከፋይሉ ጋር ፎንቱንም በዲስኬት ይዞ መዞር ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ሲያስገባ ነው እያንዳንዱ ሆሄ በዓለም ሁሉ አንድ የታወቀ ቁጥር ያገኘው። ዛሬ እናትሽ የላከችልሽ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ስልክሽ ላይ ሳይበላሽ የሚደርሰው በዛ ነው።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። የመጣልሽ ቃል እውነት ነው፣ ግን አንድሮይድ ለማንኛውም ከውጭ ለተጫነ ኪቦርድ የሚያወጣው ነው፣ ይሄኛው አፕ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ኪቦርድ አፕ በጣቷና በሌላው አፕ ሁሉ መሃል ነው የሚቆመው፣ ቅድም ለሐዋሳው ወንድማችን የነገርኩት ጥቁር ነገር የቆመበት ቦታ ላይ በይው። ስለዚህ እዛ ቦታ ላይ ማንን ታቆሚያለሽ ነው ጥያቄው። የጎግሉ ጂቦርድ አማርኛ አለው፣ ስልኳ ላይ ቀድሞ ካለ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አማርኛን ማብራት ብቻ ነው፣ አዲስ ሰው መሃል አይገባም። እሷ የለመደችው ሌላ አቀማመጥ ከሆነና የሀገር ልጅ የሠራውን ከፈለገች ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርጂ፣ የሠራው ማን እንደሆነ እይ፣ በቴሌግራም የተላከ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ፈጽሞ እንዳትጭኚ። የሚጠይቀውን ፈቃድም እይ፣ ኪቦርድ ኮንታክት ወይም ኤስኤምኤስ ለማንበብ ከጠየቀሽ ለምን ብለሽ ተይው። አይፎን ከሆነ የይለፍ ቃል ቦታ ላይ ስልኩ ራሱ ወደ ራሱ ኪቦርድ ይመልሳል፣ ከውጭ የተጫነው ደግሞ ‹ፉል አክሰስ› ካልፈቀድሽለት የሚጻፈውን ወደ ኢንተርኔት መላክ አይችልም፣ እንዳትፈቅጂለት።

ሁለት ኪቦርድ አድርጊላት፣ አማርኛውና ስልኩ ይዞት የመጣው። ፓስዎርድ ስትጽፍ ከታች ያለችውን የመቀየሪያ ምልክት ተጭና ወደ ስልኩ ኪቦርድ እንድትመለስ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አምስት ስድስት ጊዜ አለማምጃት። ለባንክና ለቴሌብር ፒን ደግሞ አብረሻት አፑን ክፈቺና እይ፣ የቁጥር ሰሌዳውን አፑ ራሱ ስክሪኑ ላይ ሥሎት ከሆነ የምትነካው፣ የአማርኛው ኪቦርድ ያንን ቁጥር አያየውም፤ የለመደችው ኪቦርድ ከታች ብቅ ካለ ግን ያየዋል፣ ያኔ መጀመሪያ ትቀይር፣ ከዛ ትጻፍ።